ሳልናገር የፈረምኩበት ማስጠንቀቂያ

ይህን ታሪክ፣ ከደረሰበት ሰው በቀር፣ ከእኔ አፍ ሙሉውን የሰማ የለም። አባቴ ያውቀዋል፤ እሱ ግን የሚያውቀው አብሮኝ ስለነበረ ነው። ዛሬ ልጽፈው የተቀመጥኩት ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን በተፈጠረ ትንሽ ነገር ምክንያት ነው። አንዲት አዲስ ተመራቂ ቅጽ ፊቴ ዘርግታ «እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚልኝ፤ ለፎርማሊቲ ነው» አለችኝ። እስክሪብቶውን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ልጅቷ ደንግጣ «አመመሽ እንዴ?» አለች። አላመመኝም። ጨፌ የምትባል መንደር ትዝ ብላኝ ነው።

ያኔ የውኃ ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ኮልፌ ነው። አባቴ ቶላ አየር ጤና ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይለጥፋል፣ ይነፋል፣ መንገድ ላይ ለቆመ መኪናም ኮምፕሬሰሩን አሮጌ ፒክአፑ ላይ ጭኖ ይደርሳል። ደንበኞቹ ብዙዎቹ ከከተማው ወጣ ካለው ገጠር የሚመጡ ስለሆኑ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው በኦሮምኛ ነው። እኔም እየሰማሁ ስላደግኩ አንዲት ቃል አታመልጠኝም። ግን በኦሮምኛ ሲጠራኝ የምመልስለት በአማርኛ ነበር። ያኔ ለምን ብትሉኝ «እንዲሁ ልማድ ሆኖብኝ» እላችሁ ነበር። እውነቱን ለመናገር አፍር ነበር። ከክላስ ጓደኞቼ ጋር ታክሲ ከተሳፈርኩ ከአባዬ ሱቅ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ነበር የምወርደው።

የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን መሀል በአራት የብረት እግሮች የቆመ ትልቅ የውኃ ታንከር አለ። ውኃ መያዝ ካቆመ ዘመናት አልፈዋል፤ ዝጎ ቡናማ ሆኗል። ተማሪው ግን ከቤተ መጻሕፍቱም ከአዳራሹም ይልቅ የሚወደው እሱን ነው። ገጠር ወርዶ ለሕዝብ ሥራ የሠራ ቡድን ሁሉ፣ ሊመረቅ ሲል የመንደሩን ስም ቆርቆሮ ላይ ጽፎ ከታንከሩ እግር ላይ ያስራል። ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮዎቹ እየተጋጩ ይንሿሿሉ። አንደኛ ዓመት ሳለን ሥሩ ሣር ላይ ተቀምጠን «የእኛ ደግሞ የት ጋ ይሆን የሚታሰረው?» እንባባል ነበር።

የእኛ መንደር ጨፌ ናት። ከአየር ጤና በመኪና ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ የእርሻ መንገድ ነው። ገመዳ የሚባል ገበሬና ታናሽ ወንድሙ ለሚ አሥራ አራት ሜትር የሚሆን ጉድጓድ በእጃቸው ቆፍረው ጥሩ ውኃ አግኝተው ነበር። ችግራቸው ውኃውን በባልዲ እየጎተቱ ሽንኩርት ማጠጣት አለመቻላቸው ነው። የእኛ ቡድን ከግቢው የማኅበረሰብ አገልግሎት በቤንዚን የሚሠራ ትንሽ የውኃ ሞተር አስፈቅዶ ሰጣቸው። ቡድን ስል እኔና ናሆም ነን፤ ናሆም የክላስ ጓደኛዬ ነው፣ ቀልጣፋ፣ ተጫዋች፣ ሰው የሚወደው ልጅ።

ሞተሩን ያስረከብን ቀን አጠቃቀሙን የማስተማር ተራው የእኔ ነበር። እጄ ላይ አሥር ነጥብ የያዘ ወረቀት አለ። በአማርኛ የተጻፈ ነው። ገመዳና ሚስቱ አያንቱ፣ ለሚና ጎረቤቶቹ ከፊቴ ቆመው ያዳምጣሉ፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ አፍ የፈቱት ግን በኦሮምኛ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሾፌሩ መንገዱ ሳይጨቀይ እንውጣ እያለ ክላክስ ይነፋል። እየተጣደፍኩ ማንበብ ጀመርኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ዝናቡ ወረደ። «የቀረው ወረቀቱ ላይ አለ፣ ታነቡታላችሁ» ብዬ ወረቀቱን ለገመዳ ሰጠሁትና ወደ መኪናው ሮጥኩ። ከዚያ መኪና ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ «በአሥሩም ነጥቦች ላይ ስልጠና ተሰጥቷል» በሚለው ሥር ፈረምኩ።

ዘጠነኛው ነጥብ «ሞተሩን በፍጹም ጉድጓድ ውስጥ አውርዳችሁ እንዳታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል» የሚል ነበር።

አምስት ወር አለፈ። በጋው ጠና። ቆርቆሮ የምናስርበት እሑድ ደረሰና ዐርብ ዕለት የጨፌ ሰዎች «ሥራው ተጠናቋል» ብለው የሚፈርሙበትን የመጨረሻ ቅጽ ልናስፈርም ተነሳን። ጠዋት ግቢ ስንደርስ የተመደበልን መኪና ለሌላ ስብሰባ ወጥቷል ተባለ። እኔ ቆሜ ስነጫነጭ ናሆም ስልክ ደውሎ ጨረሰ።

«ተገኘ። አባትሽ ይወስዱናል።»

«አባቴ?! ማን ደውል አለህ?»

«ምን ችግር አለው? ፒክአፕ አላቸው፣ አገሩንም ያውቁታል።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አባዬ ግቢው በር ላይ ቆመ። ኮምፕሬሰሩ ከኋላ እንደታሰረ ነው፤ ለማውረድ ጊዜ አላገኘም። ቱታው በግራሶ ጠቁሯል። ጓደኞቼ በበሩ ይወጣሉ ይገባሉ። አንገቴን ደፍቼ ገባሁና አየር ጤናን እስክንሻገር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አባዬ ገብቶታል መሰለኝ ከናሆም ጋር ብቻ ስለ መንገዱ ያወራ ነበር።

ጨፌ የደረስነው አራት ሰዓት ግድም ነው። ፒክአፑ የባሕር ዛፉ አጥር ጋ ቆመ። ወርደን ወደ ጉድጓዱ ስንሄድ ሰዎች አፉን ከበው አየን። እኛን ሊቀበሉ የተሰበሰቡ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አያንቱ ነጠላዋን አሳምራ፣ ፊቷ በርቶ መጣችና ጨበጠችን።

«እንኳን መጣችሁ! አሁን ውኃው ሲፈስ ታያላችሁ። ገመዳ ለእናንተ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ሲለፋ ነበር።»

«ገመዳ የት ነው?» አለ ናሆም።

«እዚያ ውስጥ።» ጉድጓዱን አሳየችን። «ውኃው በበጋው ራቀና ሞተሩ ከላይ አልስብ አለ። እና ወደ ውስጥ አወረደው። ጥሩ ሲሠራ ቆይቶ አሁን ጠፋበት። ሊያስነሳው ወረደ።»

ዘጠነኛው ነጥብ ትዝ አለኝ። «መቼ ነው የወረደው?» አልኩ።

«አሁን፣ እናንተ ስትደርሱ።»

ወደ ጉድጓዱ ሮጬ አጎነበስኩ። የቤንዚን ጭስ ሽታ ፊቴን መታኝ። ሰባት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ወንድማማቾቹ ሲቆፍሩ ለመቆሚያ የተዉት እርከን አለ። ሞተሩ እዚያ ተቀምጧል። ገመዳ ከሞተሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ አንገቱ ወደ ትከሻው ዘንበል ብሏል። የሚያርፍ ሰው ይመስላል።

ለሚ «ገመዳ!» ብሎ ጮኸ። መልስ የለም። ሳቅ ብሎ «ደክሞት ነው» አለ። ደግሞ ጮኸ። ሁለተኛው ጥሪ ላይ ድምፁ ተሰበረ።

እኔ ያየሁትን ተረድቼዋለሁ። ግን ልክ እንደ ሕልም፣ አፌን ከፍቼ ድምፅ አልወጣ አለኝ። ናሆም ጫማውን አውልቆ ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የተቆፈረውን የእግር መርገጫ መውረድ ጀምሯል። አባዬ በአንገትጌው ጨምድዶ ያዘው።

«ቁም! ገመድ ሳታስር የት ነው?»

«ጋሽ ቶላ፣ ይልቀቁኝ! ሰውየው እየሞተ ነው!»

«ታስረህ ውረድ አልኩህ!» ለሥራው ከትከሻው የማይለየውን መኪና የሚጎትትበትን ገመድ ፈቶ ናሆምን በብብቱ ሥር አሰረው። ያቺን ግማሽ ደቂቃ ባይዘው ኖሮ ዛሬ ናሆም የለም።

ናሆም ወረደ። እርከኑ ላይ ደርሶ የገመዳን ክንድ ያዘ። ቀና ብሎ አየንና «ይተነፍሳል!» አለ። አያንቱ እልል ልትል እጇን ወደ አፏ አነሳች። ከዚያ ናሆም እንደ ሰካራም ድምፁ ተጎተተ።

«እግሬ... እግሬ እምቢ አለኝ...»

ተንበረከከ። ግንባሩ የገመዳ ጉልበት ላይ ተደፋ።

«ሳቡት!» አባዬ ጮኸ። ለሚና ሁለት ጎረቤቶች ከአባዬ ጋር ገመዱን ጎተቱ። ናሆም እየተንገላታ፣ ጭንቅላቱ ከግድግዳው እየተጋጨ ወጣ። ሣሩ ላይ ተዘርሮ አስመለሰ፤ ዓይኑን ከፍቶ ያየኛል፣ ግን ማን መሆኔን አላወቀም።

አሁን የሆነው ነው ሕይወቴን ለሁለት የከፈለው፤ ስለዚህ ሳልቸኩል ልንገራችሁ።

ለሚ ሸሚዙን ቀዶ ጣለ። ወደ ጉድጓዱ መጣ። ገመድ አልያዘም፣ ማንንም አያይም። እኔ ከጉድጓዱ አፍና ከእሱ መካከል ቆምኩ። የእሱ ደረት ብቻ የእኔን ሁለት እጥፍ ይሆናል።

«ዞር በይ!»

«አትወርድም።»

«ወንድሜ ነው!»

«አውቃለሁ። ብትወርድ ሁለታችሁም ትሞታላችሁ።»

በአማርኛ ነበር የምናገረው። እሱ አልሰማኝም፤ ቋንቋው ጆሮው ጋ ደርሶ እንደ ዝናብ ጠብታ እየተንከባለለ ሲወድቅ ይታየኛል። በክንዱ ገፋኝ። አንድ እግሬ ከጉድጓዱ አፍ ተንሸራተተ፤ አፈር ወደ ታች ሲወርድ ሰማሁ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመት አፌ ውስጥ ቆልፌው የኖርኩት ቋንቋ እንደ ጎርፍ ወጣ።

«ሂንቡኢን! ለሚ፣ ሂንቡኢን!» አትውረድ ማለት ነው።

ቆመ። ሰዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አባዬ ገመድ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔም በዚያው ቀጠልኩ፤ ቃላቱ እየተሰባበሩብኝ፣ በኦሮምኛ እንዲህ አልኩት፦

«ሞተሩ የተፋው ጭስ እዚያ ውስጥ ታፍኖ ነው። አይታይም። ሽታው ቢጠፋ እንኳ ይገድላል። ጠንካራ ሰው ደካማ ሰው አይልም። ይህን ያልነገርኳችሁ እኔ ነኝ። ዝናብ መጣና ሳልነግራችሁ ሄድኩ። ነግሬያቸዋለሁ ብዬም ፈረምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን አሁን ስማኝ። ዛሬ ስማኝ።»

የለሚ ዓይን ውስጥ ያየሁትን እስከዛሬ የምገልጽበት ቃል የለኝም። ሊመታኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልመታኝም። «እሺ፣ ምን እናድርግ? ንገሪኛ!» ብሎ ጮኸብኝ።

እውነት ለመናገር እስከዚያች ሰከንድ ምን እንደምናደርግ አላውቅም ነበር። ዞሬ አባዬን አየሁት። እሱ ደግሞ ፒክአፑን እያየ ነበር።

«ኮምፕሬሰሩ» አለ።

«ቱቦው ይደርሳል?»

«ሁለት ጥቅል አለኝ፤ ብቀጥለውም ከአጥሩ ወዲያ ካለ አይደርስም። መኪናው መግባት አለበት።»

ለሚ ሰምቶ አልጨረሰም። ወደ አጥሩ ሮጦ እንጨቱን በባዶ እጁ መነቃቀል ጀመረ፤ ጎረቤቶቹም ተከተሉት። አያንቱና ሌሎች ሴቶች ቅጠል ያለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በገመድ እንዲያስሩና ጉድጓዱ ውስጥ ከፍ ዝቅ እንዲያደርጉት ነገርኳቸው፤ አየሩን እንዲያናውጠው ነው። አንድ ሽማግሌ ኩራዝ ይዘው መጡ። «ይህን እናውርደው፤ ካልጠፋ ደኅና ነው» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ ይሄኛው ጭስ መብራት አያጠፋም። እንዳያታልለን» አልኳቸው። እሳቸውም ኩራዙን መሬት ላይ አስቀምጠው ቅርንጫፉን ከሴቶቹ ጋር ያዙ።

ፒክአፑ አጥሩን ደርምሶ ገባ። አባዬ ኮምፕሬሰሩን ሊያስነሳ ሲል ጮህኩ፦ «አባዬ፣ እዚህ አይደለም! የራሱን ጭስ መልሶ ይስባል! ነፋሱ ከወዲያ ነው!» መኪናውን አዙሮ ነፋሱ ጭሱን ከጉድጓዱ ወደሚያርቅበት በኩል አቆመው። ያ ሁሉ ደቂቃ ነው። እያንዳንዷን ደቂቃ ገመዳ እዚያ ታች እየከፈለላት ነው። አያንቱ ቅርንጫፉን ከፍ ዝቅ እያደረገች ከአፏ የማይለይ አንድ ቃል ነበራት፤ ስሙን ነው የምትጠራው፣ ቀስ ብላ፣ የተኛ ልጅ እንደምትቀሰቅስ።

ኮምፕሬሰሩ ተነሳ። ቱቦውን አወረድነው፤ አየሩ ጫፉ ላይ ያፏጫል። ግን በቱቦው እየተነፈሰ ወርዶ ገመዳን በገመድ የሚያስር ሰው ያስፈልጋል።

«እኔ ልውረድ» አለ ለሚ።

«አንተን ለመሳብ ስንት ሰው ይበቃል? ደግሞ ወንድምህን ስታይ ቱቦውን ከአፍህ ታወጣለህ» አልኩት።

«እኔ እወርዳለሁ» አለ አባዬ።

ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል። ሁለታችንም እናውቃለን። ከነበርነው ሰዎች ቀላሏ እኔ ነኝ፤ ጭሱ ምን እንደሆነ የማውቀውም እኔ ነኝ። ምንም ሳልለው የናሆምን ገመድ አንስቼ በብብቴ ሥር አዞርኩት። እጄን መታኝ።

«አይሆንም! አንቺን ብቻ ነው ያለኝ!»

«አባዬ፣ ፈርሜበታለሁ።»

ምን ማለቴ እንደሆነ ገባው። ከዚያ እኔ ያሰርኩትን ፈትቶ ራሱ እንደገና አሰረኝ። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ፈተሸው። «ቱቦው ከአፍሽ ከወጣ ጎትቼ አወጣሻለሁ። እሱን አሰርሽም አላሰርሽም። ሰማሽ?»

ወረድኩ። ሌላው ገመድ፣ የጉድጓዱ ገመድ፣ ወገቤ ላይ ለገመዳ ተጠምጥሟል። ቱቦው ጥርሴ መሀል ነው፤ አየሩ ግራሶና ጎማ ጎማ ይላል። በልጅነቴ ከአባዬ ልብስ የምጠላው ሽታ ነበር። መርገጫዎቹ ሰፋፊ ናቸው፣ በወንድ እግር የተለኩ። ከላይ የሚመጣው ብርሃን እየጠበበ ሄደ።

እርከኑ ላይ ደረስኩ። የገመዳ ከንፈር ቀልቷል፣ ጤነኛ ሰው ይመስላል፤ ያ የጭሱ መርዝ ምልክት ነውና ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። ደረቱ አልፎ አልፎ ነው የሚነሳው። ረጅም ትንፋሽ ስቤ ያዝኩና ቱቦውን አፍንጫው ላይ አደረግኩለት። እጄ ገመዱን በብብቱ ሥር ያሾልካል። ቱቦውን ወደ እኔ መለስኩት፣ አየር ሳብኩ፣ ደግሞ ወደ እሱ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ጭንቅላቴ ውስጥ መዶሻ መምታት ጀመረ። ቋጠሮውን ሠራሁ፤ ተፈታ። ጣቶቼ የእኔ አልሆኑም። ከላይ የአባዬ ድምፅ በኦሮምኛ ይመጣል፣ ሳያቋርጥ፦ «ሂንራፊን፣ ልጄ፣ ሂንራፊን!» አትተኚ ይለኛል።

በሁለተኛው ያዘ። ገመዱን ሦስቴ ነቀነቅኩ። ገመዳ ከፊቴ ተነስቶ ወደ ላይ ሄደ፤ እግሩ ትከሻዬን መታኝ፣ አፈር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ግማሽ ላይ ወጣ ካለ ድንጋይ ጋር ተያዘ። «ዝቅ አድርጉት! አሁን ሳቡ!» ሲባባሉ እሰማለሁ። በዚህ መሀል ፉጨቱ ቆመ።

ቱቦውን አራገፍኩት። ጸጥ ብሏል። ኮምፕሬሰሩ ጠፍቷል።

እንግዲህ እዚያ፣ ዓይኔ በአፈር ተሞልቶ፣ የመጨረሻውን ትንፋሽ ደረቴ ውስጥ ቆልፌ ቆምኩ። ጸለይኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልጸለይኩም። ያሰብኩት «በዚህ ሁኔታ የሞተውን ሰው ቤተሰብ ማን ይሆን የሚያናግረው?» ብዬ ነው፤ ስለ ራሴ እንደ ሦስተኛ ሰው። ከዚያ ብብቴ ሥር እንደ ቢላ የሚቆርጥ ነገር ተሰማኝና እግሬ ከመሬት ተለቀቀ። አባዬ ኮምፕሬሰሩ ሲጠፋ ሊያስነሳው አልሄደም። ገመዴ ላይ ነው የተጠመጠመው። በኋላ እንደነገሩኝ ሲስበኝ መዳፉ ተልጦ ገመዱ ደም ሆኖ ነበር።

ስወጣ ገመዳ ሣሩ ላይ ነበር። ይተነፍሳል፣ ግን አይሰማም። ፒክአፑ ላይ እሱንና ናሆምን አስተኝተን፣ አያንቱ የባሏን ጭንቅላት ታቅፋ፣ ለሚ ከጎኗ ሆኖ፣ ወደ ከተማ በረርን። አባዬ በዚያ እርሻ መንገድ ላይ እንዴት እንደነዳ አላውቅም። አየር ጤና ስንደርስ መንገዱ ታጭቆ ነበር። ያ አንድ ፌርማታ ቀድሜ የምወርድለት ሰፈር፣ የአባዬ መኪና መሆኑን ሲያይ ተንቀሳቀሰ፤ የታክሲ ረዳቶችና የጋራዥ ልጆች መሀል አስፋልት ገብተው መኪናውን ሁሉ ወዲያና ወዲህ ገፍተው በሰው መሀል አሳለፉን። «ጋሽ ቶላ፣ በዚህ! በዚህ ግባ!»

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላቸው። ናሆም ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ተቀመጠ። ገመዳ ግን ዓይኑን አልገለጠም። ኮሪደር ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ከአያንቱ ጋር ተቀመጥን። ከዚያ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ወረቀቱ ላይ አለ ያልሽው ምን ይላል?»

ወረቀቱን ገመዳ እንዳይጠፋበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ቤታቸው የሚያነበው ሰው አልነበረም። እኔ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ዘጠነኛውን በኦሮምኛ ነገርኳት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ይህን ለመናገር ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

አልሰደበችኝም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች። እስከ ዛሬ ብዙ ተቆጥተውኝ ያውቃሉ፤ እንደዚያች ጥያቄ ግን አጥንቴ ድረስ የገባ የለም።

ገመዳ ዓይኑን የገለጠው በማግሥቱ ጠዋት ነው። አያንቱን አወቃት። ለሚንም አወቀው። ቀኑን ግን አያስታውስም፤ ዛሬም አያስታውሰውም። ቀኝ እጁ ለወራት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ንግግሩ አሁንም ቀስ ይላል። ሐኪሙ ትርፍ ነው፣ ጥቂት ቢቆይ ኖሮ አይተርፍም ነበር ብሏል። ትርፍ ነው። ግን አንዳንድ ቀን የልጁን ስም ለመጥራት ሲፈልግ ሲያጣው አይቻለሁና «ሁሉ ነገር በደኅና አለቀ» ብዬ ልጽፍላችሁ አልችልም።

እሑድ ናሆም የጨፌን ቆርቆሮ ታንከሩ ላይ አሰረ። እኔ አልሄድኩም። ሰኞ አማካሪ መምህራችን ቢሮ ገብቼ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኩት። «ሰውየው ድኗል፣ ሪፖርቱም ተዘግቷል። ራስሽ ላይ ለምን ድንጋይ ትጭኛለሽ?» አለኝ። በደግነት ነው የተናገረው። እኔ ግን ሪፖርቱ እንዲከፈት ጠየቅኩ፤ ምርቃቴም ለሚቀጥለው ዙር ተላለፈ። ናሆም ተቀየመኝ፤ ፊርማው ከፊርማዬ ጎን ነበርና። የዩኒቨርሲቲ ዓመታቴን ያሳለፍኩበት ጓደኝነት በዚያ ቀዘቀዘ። እሱም ልክ ነው ማለት እችላለሁ፤ ሰው ሊያድን ሮጦ የወረደው መጀመሪያ እሱ ነበርና።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ጉድጓድ አጠገብ ደርሳችሁ አታውቁም። ግን አንዳችሁ መድኃኒት ቤት ትሠራላችሁ፣ አንዳችሁ ክፍል ውስጥ ታስተምራላችሁ፣ አንዳችሁ ሰው ቤት ኤሌክትሪክ ትዘረጋላችሁ። «ወረቀቱ ላይ አለ» የምንላት ቃል ሁላችንም አፍ ላይ ናት። እኔ አሁን ገጠር ስወርድ ያስተማርኳቸው ሰዎች ራሳቸው መልሰው እስኪነግሩኝ፣ በእጃቸው እስኪያሳዩኝ ድረስ ከቦታው አልነሳም። ባልደረቦቼ «ከአንቺ ጋር የወጣ ምሳ አይበላም» ይሉኛል። የማስተምረውም በሚሰሙት ቋንቋ ነው። ስሳሳት ይስቁብኛል፤ ያርሙኛል፤ ሲያርሙኝ ደግሞ እንደሰሙኝ አውቃለሁ።

ባለፈው የአዝመራ ሰሞን ጨፌ ሄጄ ነበር። ገመዳ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሽንኩርት እየለየ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ያን ቀን እንድነግረው ጠየቀኝ፤ ያልኖረበትን ቀን ከሰው አፍ መሰብሰብ ይወዳል። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ያልነገርኩትን ማስጠንቀቂያም ሳልዘል ነገርኩት። ለሚ ሸሚዙን የቀደደበት ጋ ስደርስ አቆመኝ።

«ገመድ አልነበረውም?»

«አልነበረውም።»

«ገፋሽ?»

«ገፋኝ።»

«አንቺስ?»

«ዞር አላልኩም።»

ሽንኩርቱን አስቀመጠ። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ ቀስ እያለ እንዲህ አለኝ፦ «ሰው ሁሉ ስለ መውረድሽ ያወራል። እኔ የማመሰግንሽ በዚያ አይደለም። እናታችን ያለናት ሁለት ብቻ ነን። እኔ ብቀር እንኳ አንዱን ጠብቀሽላታል።»

ከጓሮ ለሚ በሬዎቹን ሲጠራ ይሰማ ነበር። ገመዳ ጆሮውን ወደዚያ አዘንብሎ ትንሽ አዳመጠና፣ ሽንኩርቱን አንስቶ መለየቱን ቀጠለ።